ባልና ሚስት ሐኪሞች የተከሉት አገልግሎት፦ የአዲስ አበባ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በአንዲት አስታማሚ ዓይን

የአክስቴ ልጅ ከጎጃም ገጠር ወደ እኔ የመጣችው በአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ ከሥሯ ላስቲክ አንጥፋ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ የሚባል ነገር ሳትቀምስ ነበር። ውኃ ያልጠጣችው ሽንቷ በመንገድ ላይ እንዳያሳፍራት ነው። በመጀመሪያ ወሊዷ ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አምጣ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ተቋም ሲያደርሷት ልጁ ሞቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር እንዳልቻለች ለአንድ ባለሙያ ስትነግረው፣ ጊዜ ሲያልፍ ራሱ ይተዋታል ብሎ መለሳት። በዚያ መልስ ምክንያት ስድስት ዓመት ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ባሏም በመካከሉ ሌላ አገባ። ይህን ያነሳሁት ስለ ሆስፒታሉ የምሰጠው አስተያየት ከየት እንደሚነሣ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

በሆስፒታሉ በር ስንገባ እኔ የፈራሁት ወረፋውንና ወጪውን ነበር፤ እርሷ የፈራችው ግን ሰው አፍንጫውን እንዳይዝባት ነው። ሕክምናው ለታካሚዋ በነጻ ነው፤ የቀዶ ሕክምናውም፣ የአልጋውም፣ የምግቡም አይጠየቅም። ስለ አፍንጫው ደግሞ፣ በቆየንባቸው ሳምንታት አንድም ሰው ፊቱን ሲያዞር አላየሁም። መጀመሪያ የተቀበለቻት ረዳት ነርስ እጇን ይዛ ወደ መታጠቢያው ስትወስዳት፣ «እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነው በዚህ በር የገባሁት» አለቻት። የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ማታ፣ «እትዬ፣ ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ብላኝ አለቀሰች። በእኔ ግምት ሕክምናው የተጀመረው ያኔ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ከብዙ ቀናት በኋላ መጣ።

ሕመሙን በጥቂቱ ማስረዳት ይገባኛል፤ ብዙ ሰው እርግማን ወይም ቁጣ ያደርገዋልና። ምጥ ሳይፈታ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የውስጥ አካል ከዳሌዋ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል፤ ደም የማያገኘው ሥጋ ይሞታል፤ በፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም በፊንጢጣ በኩል፣ ቀዳዳ ይቀራል፤ ፊስቱላ የሚባለው ይህ ቀዳዳ ነው። ሽንቱ ወይም ዓይነ ምድሩ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው ከዚያ የተነሣ ነው። አንዳንዶቹ ሴቶች በነርቭ ጉዳት እግራቸው ዝሎ በምርኩዝ ይመጣሉ፤ እነርሱን እንደገና መራመድ የሚያስተምር የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና እዚያው አለ። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሰፍቶ ከዘጋው በኋላ ታካሚዋ ለሁለት ሳምንት ያህል የሽንት ቱቦ ይዛ ትቆያለች። ቱቦው ተነሥቶ አልጋዋ ደረቅ ሆኖ የነጋበትን ጧት ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ክፍሉ በሙሉ እልል አለላት።

ይህን ቤት የተከሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው፤ ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን። እርሱ የኒውዚላንድ፣ እርሷ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ የገቡት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በሦስት ዓመት ውል ነበር። የተመደቡበት ሆስፒታል የተሠራው ነርስ የነበረችውና በወጣትነቷ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ላረፈችው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነው፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ማለት ነው። ከመምጣታቸው በፊት ፊስቱላን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ በበለጸገው ዓለም በሽታው ከጠፋ ቆይቷል። ከመጻሕፍት እያነበቡ፣ ከቀደሙ ሐኪሞች ልምድ እየለቀሙ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ የታካሚው ቁጥር ከአንድ ክፍል በላይ ሲሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ በሽታ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ዓመቱን ለሚያስታውስ ሰው፣ አገሪቱ በአብዮት ስትናወጥ የውጭ አገር ዜጎች ሻንጣቸውን የሚሸክፉበት ጊዜ ነበር። እነርሱ ቀሩ። ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያርፉ ዶክተር ካትሪን ሥራውን አላቋረጡም፤ በ96 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አዲስ አበባ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር። የሦስት ዓመቱ ውል 61 ዓመት ሆነ።

ነገር ግን ከቆይታቸው ርዝመት ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ቤቱን የሠሩበት መንገድ ነው፤ የዳነችውን ሴት የቤቱ ባለሙያ አደረጓት። ለዚህ ከሁሉ የሚታወቁት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 የ16 ዓመት ልጅ ሆነው በዚሁ ሕመም የመጡት ማሚቱ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ወደ ማቀበል ተሸጋግረው፣ በዶክተር ሬጅናልድ እጅ ተምረው፣ በመጨረሻ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩና ለሥልጠና የመጡ ሐኪሞችን የሚያሳዩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር አብሮ የወርቅ ሜዳልያ ሸልሟቸዋል። ሰው የተማረበትን ቤት መልሶ ሲያገለግል ብዙ አይተናል፤ የዳነበትን ቤት ትምህርት ቤት አድርጎ፣ ከዚያው ተመርቆ፣ ዕድሜውን ለዚያው የሰጠ ሰው ግን እኔ ሌላ አላውቅም። የአክስቴን ልጅ እጅ ይዛ የወሰደቻት ረዳት ነርስም የዚሁ አሠራር ፍሬ ናት።

ሁሉም ሴት ሙሉ በሙሉ ይድናል ብል እዋሻለሁ። ከአብዛኞቹ ጋር ስትነጻጸር ቁጥሯ ትንሽ ብትሆንም፣ ጉዳቷ ከመጥናቱ የተነሣ ረጅም ክትትል የሚያስፈልጋት ሴት አለች፤ ለእንደዚህ ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለው ስፍራ ተሠርቶላቸዋል። ደግሞም ቀዶ ሕክምናው የቱንም ያህል ቢያምር የጉዳቱ መጨረሻ ላይ የሚደረስ ሥራ ነው። ዶክተር ካትሪን ይህን ጠንቅቀው በማወቃቸው ይመስለኛል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ የተከፈተው። ኮሌጁ ልጃገረዶችን ከገጠር ይቀበላል፣ በዲግሪ ያስተምራል፣ ከዚያም በየመጡበት አካባቢ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እንዲያገለግሉ ይመልሳቸዋል። ባልና ሚስቱ በ1959 የመጡበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ነበርና፣ ካትሪን ከባላቸው ሞት 14 ዓመት በኋላ ውላቸውን የፈጸሙ ያህል ይሰማኛል። የአክስቴ ልጅ በምጥ በተያዘች ጊዜ በአቅራቢያዋ እንዲህ ያለች አዋላጅ ብትኖር ኖሮ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ታማሚ ያላችሁ ሰዎች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ መድረስ የግድ አይደለም፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የተከፈቱ ማዕከሎች አሉ። እኛም ባሕር ዳር በቀረበን ነበር፤ አዲስ አበባ ያመጣኋት አብራኝ እንድትሰነብት ብዬ ነው። ሕመሙ ዓመታት ቢያስቆጥርም ዘግይቷል ብላችሁ አትቅሩ፤ ከእኛ ጎን የተኙት እናት ከልጅነታቸው ጀምሮ የተሸከሙትን ይዘው ነበር የመጡት። የዳነች ሴት ዳግመኛ ስታረግዝ ቤት ውስጥ መውለድ እንደሌለባትና በሆስፒታል በቀዶ ሕክምና መገላገል እንዳለባት ሲነግሯትም፣ ባሏና አማቷ አብረው ቢሰሙ ይበጃል፤ ቤት ውስጥ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

ስትወጣ እንደ ቤቱ ልማድ አዲስ ቀሚስ ሰጧት። አሁን አገሯ ናት። በቀበሌዋ አንዲት ሴት ምጥ ያዛት ሲባል፣ ጀንበር እስክትጠልቅ እንይ የሚሉትን ሽማግሌዎች አልፋ ቃሬዛ የምታስወጣው እርሷ ናት፤ ባለፈው ክረምትም ዝናቡ ሳያባራ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄዳ ሌሊቱን በረንዳ ላይ አድራለች።