በኮተቤ የእናቴን የቆርቆሮ በረንዳ ወደ ክፍል የቀየሩልኝ ባለሙያዎች

ባለፈው ኅዳር ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ለስድስት ሳምንት ሲሆን፣ አብዛኛው ጊዜዬ ኮተቤ የሚገኘውን የእናቴን ቤት የፊት በረንዳ ዘግቶ የመኖሪያ ክፍል በማድረግ ሥራ ላይ አልፏል። በረንዳው 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ጣሪያው በብረት ቋሚዎች ላይ የተመታ ባዶ ቆርቆሮ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በስልክ እንኳን መደማመጥ አንችልም ነበር። በብርድ ወራት ደግሞ እናቴ ጎኑን በሸራ ስትጋርደው የጀበናው እንፋሎትና የሰው ትንፋሽ ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሆኖ ይቋጠርና ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፈቃዱን ከወረዳው ካወጣን በኋላ በሦስት ቦታ አገልግሎት ገዝቻለሁ።

በመጀመሪያ የሠራልን የሰፈሩ በያጅ ነው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ተንበርክኮ የቋሚዎቹን እግር በመዶሻ መታ መታ አደረገና ሁለቱ ከውስጥ በዝገት መበላታቸውን በድምፃቸው ለይቶ አሳየኝ። እነሱን ቆርጦ ቀየረ፤ አንቲረስት ቀባ፤ የጣሪያውን ያረጁ ምስማሮች አውጥቶ ጎማ ባላቸው ብሎኖች ተካ። ፎምም ሆነ ሌላ የጣሪያ ልባስ ወደ ግቢው የሚገባው ብየዳው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ መሆን እንዳለበት አጥብቆ ተናገረ፤ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ፎምን ለማቀጣጠል ትበቃለችና ልክ ነበር። እሱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

የዕቃ መደብሩን ግን አልመክርም። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግላስ ውል፣ ማለትም የመስታወት ጥጥ፣ ከፍዬ ሳለ ከመጣው ጥቅል ግማሹ 3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለመቀየር ሁለት ቀን ከመፍጀታቸውም በላይ ስህተቱ የእነርሱ ሆኖ ሳለ የማጓጓዣውን ዋጋ እንደገና እኛን አስከፍለዋል። ዕቃው ከመኪናው ሳይወርድ በሜትር ለክቶ ጉድለቱን ያገኘው የኮርኒስ ሠራተኞቹ ኃላፊ ነው።

ፎም አስቤ የነበረውን ወደ ግላስ ውል ያስቀየረኝም ይኸው ሰው ነው። ፎም ብርዱን ቢከላከልም የዝናብን ድምፅ በመዋጥ ረገድ የመስታወት ጥጥ እንደሚሻል አስረዳኝ። ጥጡን በሞራሌዎቹ መካከል ሳይጨፈልቁ አስገቡት፤ የተጨፈለቀ ጥጥ በውስጡ የያዘውን አየር ስለሚያጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከጥጡ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ አየር የሚመላለስበት ክፍተት ትተው፣ ነፍሳት እንዳይገቡ ሁለቱን ጫፎች በወንፊት ሸፈኑ። እርጥበት የሚያግደው ላስቲክ የተወጠረው ከጥጡ በታች፣ ሞቃት በሆነው በክፍሉ በኩል ነው፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከላይ ከቆርቆሮው ጋር ሊያያይዘው ሲጀምር ኃላፊው አስወርዶታል። ከክፍሉ የሚነሣው እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ጋ ከደረሰ መልሶ ውኃ ይሆናል፤ ጥጡም ይረጥባል። በመጨረሻ ጂፕሰም ቦርድ አለበሱት።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ኃላፊው የመስኮቶቹን ልክ ሲወስድ ለእናቴ ያቀረበውን ጥያቄ ነው።

«እማማ፣ ቡናውን የት ነው የሚያፈሉት?»

«እዚሁ ነዋ፣ ልጄ። ሌላ የት አለኝ?»

ይህን ሲሰማ ሜትሩን አጠፈና ሥራውን አቆመ። በረንዳው ክፍት ሳለ የከሰሉ ጋዝ ከነፋስ ጋር ይሄድ ነበር፤ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያው ይታፈናል፣ ይገድላልም። እኔ ስለ ብርድና ስለ ድምፅ ብቻ ሳስብ ይህን አንድ ጊዜ እንኳን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ከእናቴ ጋር ተነጋግረን ከሰል ወደ ክፍሉ ፈጽሞ እንዳይገባ ተስማማን፤ ለኤሌክትሪክ ምድጃው የራሱ መስመር ተዘረጋለት። ኃላፊው በዚህ ሳይበቃው በመስኮቶቹ አናት ላይ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን መተንፈሻ ጨመረ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ስለካ ውጪው 8 ዲግሪ፣ ክፍሉ ደግሞ 15 ዲግሪ ነበር፤ ኮርኒሱም ደረቅ ነበር። የቀረው ጉድለት አሸንዳው ነው፤ ውኃውን ወደ ደረጃው ስለሚያፈስስ ክረምት ሳይገባ እንዲያስተካክለው ከበያጁ ጋር ተነጋግረን የእጁን ዋጋ እናቴ ዘንድ ትቼለታለሁ።