ከስትሮክ በኋላ የደም ቅባት ምርመራ፦ የአንድ ሰፈር ላቦራቶሪ አገልግሎት

አባቴን በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ከመታቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ የደም ቅባታቸውን የምናስመረምረው አዲስ አበባ ውስጥ ከቤታችን አጠገብ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ስድስት ጊዜ ስለተመላለስን አገልግሎቱን በሚገባ አውቀነዋል ማለት እችላለሁ።

መስተንግዶው የሚያስመሰግን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይከፍታሉ፤ ይህም ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ለሚመጡ አዛውንት ትልቅ እፎይታ ነው። ደም የምትቀዳው ባለሙያ የአባቴ ቀኝ እጅ እንደማይታዘዝላቸው ካየችበት ቀን ጀምሮ ማንም ሳይነግራት በግራቸው በኩል ትቀመጥና «አባባ፣ እስቲ ጨበጥ ያድርጉልኝ» ብላ፣ ደጋግማ ሳትወጋቸው ትጨርሳለች። ውጤቱም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ቅሬታዬ በውጤት ወረቀቱ ላይ ነው። ስትሮኩ በደረሰ ሰሞን በዴሲሊትር 142 ሚሊግራም የነበረው ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ መድኃኒት በጀመሩ በሦስተኛው ወር 96 ሆነ። ከቁጥሩ ጎን «ከ130 በታች ኖርማል» የሚል ታትሟል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ያችን መስመር ደጋግመው ካነበቡ በኋላ «ደህና ከሆንኩ ታዲያ ምን ያስውጠኛል?» ብለው አቶርቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒታቸውን አቆሙ፤ እኛም ልጆቻቸው እሰይ አልን። በስድስተኛው ሳምንት ስናስለካ 138 ሆኖ አገኘነው።

የነርቭ ሐኪማቸው እንዳስረዱን፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ልኬት ስትሮክ ላልደረሰበት ሰው የሚሆን ነው። የደም ሥራቸው በቅባት ክምችት ጠብቦ በመርጋት ስትሮክ ለተመቱ ሰዎች ግን በ2021 የወጣው የአሜሪካ ስትሮክ ማኅበር መመሪያ ከ70 በታች እንዲሆን ይመክራል። በፈረንሳይና በደቡብ ኮሪያ 2,860 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ኤልዲኤላቸው ከ70 በታች እንዲሆን ከታከሙት መካከል ዳግመኛ ስትሮክን ጨምሮ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ የደረሰባቸው 8.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ90 እስከ 110 ባለው እንዲቆዩ ከተደረጉት ግን 10.9 በመቶ ነበሩ። አባቴን ያዘናጋቸው 96 እንግዲህ ከሁለተኛው ወገን የሚመደብ ነበር። በደም መፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ሌላ ጥንቃቄ ስለሚሻ፣ ይህን ቁጥር ሐኪም ሳያማክሩ ለማንኛውም ሕመምተኛ መውሰድ አይገባም።

ለእንግዳ ተቀባዩ ጉዳዩን ሳስረዳ በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ ልኬቱ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ የሚታተም በመሆኑ ሊቀይረው እንደማይችል ነገረኝ። ቢያንስ «ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር» የምትል አንዲት መስመር ከግርጌው ቢጨምሩ፣ እንደ አባቴ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ። በእጃቸው ሥራና በሰዓት አክባሪነታቸው ግን አሁንም እዚያው እንሄዳለን። ባለፈው ወር ኤልዲኤላቸው 68 ደርሷል፤ ወረቀቱን ለአባቴ ከመስጠቴ በፊት 130ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ከጎኑ 70 ብዬ ጻፍኩበት።