ሥራ ላይ ተጎድታችሁ ግራ ለገባችሁ፦ እኚህን ጠበቃ አነጋግሩ

ይህን ጽሑፍ ካሰብኩት ወራት አለፉ። ፊደል ብገድፍ ታገሱኝ፣ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አጥረዋል፣ ስልክ ላይ መጻፍም ገና አልለመደልኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ማመስገን ያለብኝ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠባብ ቢሮ ያላቸውን አንዲት ጠበቃ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ "ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣኝ" ብለውኛል። በውስጥ መስመር ከጻፋችሁልኝ ግን ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ለዚያ ፈቅደውልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ ሰባት ዓመቴ። ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የአንድ ኮሌጅ ሞጁል ለማድረስ ሌሊት እየሠራን ነበር። የወረቀት መቁረጫው ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱን በሁለት እጅህ ካልተጫንክ ቢላዋው መውረድ የለበትም፣ የተሠራው እጅ እንዳይገባ ነው። የእኛው ግን ግራው ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። አንድ ሰው ተጭኖት፣ በፕላስተር አስሮት፣ እንደዚያው ቀረ። ሁላችንም እናውቃለን። አለቃውም ያውቃል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ጠርዙ አልስተካከል አለኝና በግራ እጄ ላስተካክል ስል በቀኝ ተጫንኩት። የተረፈውን አልነግራችሁም።

ፎርማኑ ሆስፒታል አደረሰኝ፣ እሱን አልክድም። ካርድ ክፍል ላይ ግን "ምን ሆኖ ነው?" ሲባል "ቤቱ በር ቆልፎበት" ብሎ አስመዘገበ። እኔ እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ቆሜ ምን ልከራከር?

የጥቅምት ደሞዜ ሙሉ ገባ። 9,000 ብር ነው። የኅዳር 4,500 ሆነ። ስደውል ፋይናንሷ "የሕመም ፈቃድ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ አንደኛው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም" አለችኝ። አመንኳት። ሕጉን አላውቅማ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አለቃው ጠርቶ 15,000 ብር እና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ "ከድርጅቱ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" ይላል። "ጥፋቱ የራስህ ነው፣ እኛ ግን ስለ ሰብአዊነት ነው" አለኝ። ልፈርም እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። ያተረፈኝ ቀኙ እጄ መንቀጥቀጡ ነው። "ነገ መጥቼ እፈርማለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ማታ ጎረቤታችን ቡና ላይ ነገሩን ስትሰማ "እኔ የማውቃቸው ጠበቃ አሉ፣ ድሮ የአንድ ድርጅት ነገረ ፈጅ ነበሩ፣ አሁን ግን ለሠራተኛ ነው የሚቆሙት" አለችና ስልካቸውን ሰጠችኝ። ፒያሳ ሲፈርስ ነው ወደ ልደታ የመጡት። ሊፍት የለም፣ ደረጃው ዳገት ነው፣ እግራችሁ የተጎዳ ቀድማችሁ ደውሉላቸው፣ ወርደው ያነጋግሯችኋል። ወርደው ሲያነጋግሩ አይቻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ግንበኛ ጋ።

ገና ስገባ ማብራራት ጀመርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ቁልፉ ታስሮ ነበር፣ እኔም መጠንቀቅ ነበረብኝ ምናምን። አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ ጥፋቱ የማነው ብዬ አልጠየቅኩህም። የት ሆነህ ነው የተቆረጥከው?"

"ሥራ ቦታ።"

"ምን እየሠራህ?"

"የታዘዝኩትን።"

"በቃ።"

ያንን "በቃ" አልረሳውም። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ የሚያደርገው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ነው። ከዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። መዘናጋት እዚያ ውስጥ የለም። መድከም የለም። ይህን ሳውቅ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጸሐፊያቸው ውሃ አመጣችልኝ።

ቀጥሎ የደሞዙ ነገር መጣ፣ እሳቸውን ያናደዳቸውም እሱ ነው። ድርጅቱ በሥራ ላይ የተጎዳን ሰው እንደ ጉንፋን የያዘው አድርጎ የሕመም ፈቃድ ውስጥ ከቶታል። በሥራ ላይ ጉዳት ሕጉ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የተረፉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ፣ እስከ አንድ ዓመት፣ ሐኪም "ተሻለው" እስኪልህ ድረስ። አሁን እናንተው አስሉት። የኅዳርና የታኅሣሥ ግማሾች 9,000 ብር። ጥር ላይ ደግሞ ባዶ ነበር የገባልኝ፣ 75 በመቶው 6,750። ድምሩ 15,750 ብር። አለቃው "ስለ ሰብአዊነት" ብሎ ሊሰጠኝ የነበረው ገንዘብ ከራሴ ከተቆረጠ ደሞዝ እንኳ ያንሳል! ሕክምናው ገና አልተነሳም። ሆስፒታሉ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ሰው ሠራሽ አካል ቢያስፈልግ እሱም ጭምር የአሠሪው ዕዳ ነው። እኔ ደረሰኞቹን ግማሹን ጥዬ ነበር፣ ለዚያ ተቆጥተውኛል፣ ትክክል ናቸው። እናንተ አትጣሉ።

"የጽሑፍ ውል የለኝም" ስላቸው ሳቁ። ውል በቃልም ይሆናል፣ ወረቀት አለመኖሩ መብትህን አያሳጣም አሉኝ። የደሞዝ መግቢያዬን የባንክ ማስረጃ፣ የመታወቂያ ካርዴን፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ምስክርነት ይዘን ፍርድ ቤት ሄድን። የሆስፒታሉን ካርድ ነገር ደግሞ ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ጉዳዩን በትክክል አስረዳሁና በማኅደሬ ላይ እርማቱ ተጻፈ። ይሄን ቶሎ ብታደርጉት ይሻላል፣ ስትዘገዩ ሐኪሙም ይጠራጠራል።

አሁን የምወዳት ክፍል። የድርጅቱ ጠበቃ በመልሱ "በሁለት እጅ ካልሆነ በስተቀር ማሽኑን መንካት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሠራተኛው ግን ግልጽ መመሪያ ጥሷል" ብሎ ፎቶ አያያዘ። ማስታወቂያው እውነትም አለ። ነጭ ወረቀት፣ ቀይ ጽሑፍ፣ በአራቱም ጥግ ፕላስተር። እኔ ግን አይቼው አላውቅም። ጠበቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። "ይህ ፕላስተር አቧራ የለበትም" አሉ። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል፣ እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ያልተነካ ነገር ሁሉ የወረቀት ብናኝ ይለብሳል። ከዚያ "በበዓል ፎቶ ትነሳላችሁ?" አሉኝ። የደመራ ዋዜማ ቡና አፍልተን ነበር፣ መቁረጫው አጠገብ ፈንዲሻ በትነን፣ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ከነቀኑ አለ። ግድግዳው ባዶ ነው። ከኋላዬ ደግሞ የታሰረው ቁልፍ በደንብ ይታያል፣ ሰማያዊ ፕላስተር። ፎቶው ላይ እኔ በአሥር ጣት ሲኒ ይዤ እስቃለሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ እነሱው ራሳቸው እንታረቅ አሉ።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዝም ብሎ ይቀመጣል። አብዛኛው የሥራ ክርክር ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይዘጋል። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር፣ ከሥራ ስትባረር ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በሦስት ወር። ስለዚህ "ቁስሉ ይድረቅልኝ፣ ከዚያ አስባለሁ" አያዋጣም፣ ቁስሉ ይድረቅ፣ ጠበቃው ግን ይጀምር። ለሠራተኛ ደግሞ የዳኝነት ክፍያ የለም። ፍርድ ቤት ገንዘብ ያስፈልገዋል ብዬ ነበር የፈራሁት፣ አንድ ብር አልከፈልኩም።

ካሳው ራሱ የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሐኪሞቹ ተቀምጠው የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይሰጣሉ። የእኔ 12 በመቶ ሆነ። ሰፈር ውስጥ "አንድ ጣት ይህን ያህል ብር ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እንደዚያ አይደለም፣ ጣት እንደ ሽንኩርት በኪሎ አይሸጥም። እኔ ጡረታ አይቆረጥልኝም ነበር፣ ድርጅቱም ኢንሹራንስ አልገባም። እንደዚህ ለሆነ ሰው ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል የአምስት ዓመት ደሞዝ ነው፣ ከዚያ ላነሰ ጉዳት በመቶኛው ልክ። የእኔ የዓመት ደሞዝ 108,000፣ አምስት ዓመቱ 540,000፣ የዚያ 12 በመቶ 64,800 ብር። ጡረታ የሚቆረጥላችሁ ግን መንገዱ በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በኩል ስለሆነ ስሌቱም ሌላ ነው፣ ከእኔ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ።

ክፍያው ላይ ደግሞ ሰኔ ላይ የወሰድኩትን 3,000 ብር ብድር እንቀንስ አሉ። ጠበቃዬ "ከጉዳት ካሳ ላይ ማቻቻል አይቻልም፣ ግብርም አይቆረጥበትም፣ ብድሩን ከፈለጋችሁ ለብቻው ጠይቁት" ብለው ዘጉት። ብድሩን በኋላ ራሴ ከፈልኩ። የሰው ገንዘብ ነው።

ወንድሙ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ሲወርድ ሞተር ስለመታው አንድ ጓደኛዬም ጠይቄላቸው ነበር። ወደ ሥራ ስትሄድ የደረሰ ጉዳት የሥራ ጉዳት የሚሆነው ድርጅቱ ባዘጋጀው ወይም ለዚያው ብሎ በተከራየው ሰርቪስ ውስጥ ስትሆን ነው አሉ። በራስህ ታክሲ ከሆነ ከባለ ሞተሩ ጋር በሌላ መንገድ ነው የምትነጋገረው። ሰርቪስ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በሌላ በኩል ግን አለቃህ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከግቢ ውጭ፣ "ይህን አድርስልኝ" ብሎ ልኮህ ከተጎዳህ ሥራ ላይ ነህ።

ስለ ባሕርያቸው ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳታሙኝ። ቁጡ ናቸው። ደረሰኝ ሳትይዙ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ችሎት ላይ ስለሆኑ ስልክ አያነሱም፣ አሥር ጊዜ ብትደውሉም አያነሱም። ጉዳይ የሌለውን ሰው ደግሞ "ልጄ፣ ይህ አያዋጣህም" ብለው በሩን ያሳዩታል። እኔ ባለሁበት አንድ ሰው ሰክሮ ከስካፎልድ የወደቀ ወንድሙን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሃያ ደቂቃ ምስክሮቹን ጠይቀው አስኬዱት፣ ምክሩን ግን አላስከፈሉትም። ለመጀመሪያ ምክር ከማንም ገንዘብ አይቀበሉም። እኔን ያስከፈሉኝ ገንዘቡ እጄ ከገባ በኋላ ነው፣ መጠኑንም ገና በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፈው አስፈርመውኛል።

አቅም የሌላችሁ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ጠይቁ፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ማሽኑ ላይ መከላከያ ከሌለ ደግሞ ሳትቆረጡ በፊት ለክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቱ።

እኔ ከየካቲት ጀምሮ ተመልሻለሁ። አሁን ማጠፍና መቁጠር ላይ ነኝ፣ መቁረጫው ጋ አልሄድም። ግራው ቁልፍ ተቀይሯል፣ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ተጫንኩት፣ ይሠራል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ማታ ነው የምመልሰው።