ቪኞላ ወይስ ዲተርሊን? ያው አምድ፣ ሁለት አይነት አይን

ቪኞላና ዲተርሊን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሕንፃ አምዶች በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ያወጡ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ስለነዛው ከጥንት ግሪክና ሮም ስለመጡት አምስት የአምድ አይነቶች ነው የሚያወሩት፣ ቱስካን፣ ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያንና ኮምፖዚት፣ ግን ሕትመታቸውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩት በጣም ይገርማል።

ጣልያናዊው ቪኞላ እ.ኤ.አ. በ1562 ያወጣው ሂሳብ ነው። ጠቅላላ ቁመቱን 19 ቦታ ትከፍሉታላችሁ፣ 4ቱ ከስር ላለው መቆሚያ፣ 12ቱ ለአምዱ፣ 3ቱ አምዱ ለሚሸከመው፣ አለቀ። መዳብ ላይ በስለት ስለተቀረጸ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ ግንበኛ ሳይት ይዞት ቢሄድ ይሰራበታል።

ዲተርሊን ግን ሌላ ዓለም ነው። የስትራስቡርግ ሰአሊ ነው፣ በ1598 ኑረምበርግ የታተመው ስራው ወደ 200 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉት፣ መዳቡን በአሲድ ስለሚያስበላው መርፌው እንደ እስክሪብቶ ነው የሚሮጠው፣ ለዛም ይመስለኛል ሰው እንስሳ ቅጠል ሁሉ ተጠላልፎ ከአምዱ ላይ የሚፈላው፣ ድንጋዩ ራሱ ሥጋ የለበሰ ነው የሚመስለው። ደግሞ ህጉን ንቆ አይደለም፣ የአምስቱን ቅደም ተከተል ጠብቆ ነው እንደዛ የሚያደርገው፣ እኔን የሚገርመኝም ይሄ ነው።

ቤት ባሰራ ቪኞላን ነው የምይዘው፣ ሰአታት የሚያስቀምጠኝ ግን ዲተርሊን ነው፣ በተለይ የበር ዲዛይኖቹ።