በተናደው በር መግባት ወይስ ከላይ መሰርሰር?

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቡና ላይ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ተንዶ ከታች የቀሩ ሰዎችን ማውጣት ሲነሳ አንዲት ጎረቤቴ «ልጅ ከታች እያለ ማን ቆሞ ያያል? አካፋ ይዞ መግባት ነው እንጂ!» አሉ። አንጀታቸው ይገባኛል፤ ምርጫቸውን ግን እፈራለሁ።

ሰዎቹ ቅርብ ከሆኑ በተናደው መተላለፊያ መግባት ፈጣን ነው። ነገር ግን ጣሪያው ገና አልረጋም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይታወቅ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ዩታ፣ ክራንዳል ካንየን በተባለ የከሰል ጉድጓድ 6 ሰዎችን ፍለጋ ከገቡት አዳኞች 3ቱ ሞቱ። እዚያ ከላይም ተሰርስሯል፤ በሕይወት የተገኘ ግን አልነበረም።

መሰርሰር ከባድ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይበላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ኩዊክሪክ፣ ውሃ ባጥለቀለቀው ጉድጓድ፣ ስንዝር የማትሞላ ቀዳዳ አየር አወረደች። የመሰርሰሪያው ብረት ከታች 9 ጊዜ ተንኳኳ፤ ዘጠኝ ነፍስ! ሁሉም ከ77 ሰዓት በኋላ ወጡ።

ስለዚህ እኔ መሰርሰሪያውን አስቀድማለሁ። የጉድጓዱ ካርታ ከሌለ ግን መሰርሰሪያው በጭፍን ይወጋል፤ ያኔ ጋዙን እየለኩ፣ ጣሪያውን በግንድ እየደገፉ፣ በጥቂት ሰው መግባት ይቀራል።