ለቤት መሥሪያ መሬታችሁ «የሳተላይት ሰርተፍኬት» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆዩ አንዴ

በሳተላይት አይተን «መሬትህ አይሰምጥም» ብለናል የሚል ወረቀት ነው። እኔን 18 ሺህ ብር አስከፍሎኛል፤ እናንተ በነጻ አንብቡት።

2017 ዓ.ም. ላይ በፈንታሌ በኩል ምድር ስትናወጥ እኛም ደብረ ብርሃን ላይ ተነቃንቀናል። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ መሬቱን ይጠራጠራል። ወረቀቱን የሚያሻሽጠው ደላላ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ቢሮ ወሰደኝ። አንዱ ልጅ ላፕቶፕ ከፍቶ ጃፓን ያለውን የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ አሳየኝ። ባሕር ላይ አፈር ተደፍቶ በተሠራ ደሴት ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ተከፈተ፤ ደሴቱ አፈሩ መደፋት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስካሁን ከ13 ሜትር በላይ ሰምጧል። የተርሚናሉን ምሰሶዎች በክሪክ እያነሱ ነው የሚያስተካክሉት። «እንዲህ ያለውን መስመጥ ሳተላይት በራዳር በሚሊሜትር ይለካል፤ ጋሼ፣ የእርስዎንም እንለካዋለን» አለኝ። ስለ ካንሳይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የተሸወድኩትም ለዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባለማኅተም ወረቀት ሰጡኝ። መሬቴ አረንጓዴ ተቀብቶ ከሥሩ «አይሰምጥም» ይላል። የምስሉ ቀን አንድ ብቻ ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ራዳሩ መስመጥን የሚያውቀው አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ፣ ተመልሶ የመጣው ሞገድ ምን ያህል እንደተዛነፈ አይቶ ነው። ሚሊሜትር ለመለየት ደግሞ የብዙ ወራት ተከታታይ ምስል ይፈልጋል። በአንድ ምስል «አይሰምጥም» ማለት ሕፃን አንዴ መዝኖ «ኪሎ ጨምሯል» እንደማለት ነው።

ደግሞ ካንሳይ ላይ ያለው ኮንክሪትና ብረት ነው፤ ሞገዱን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይመልሳል። የእኔ 200 ካሬ ላይ ያለው ሣርና የጎረቤት በግ ነው። ሣር ያድጋል፣ ይጋጣል፣ ይደርቃል፤ ልኬቱም አብሮ ይበላሻል። የተጠቀሙት የአውሮፓውን ሴንቲነል 1 ሳተላይት ነው። የእሱ ምስል አንዷ ነጥብ ወደ 5 በ20 ሜትር ትሸፍናለች፤ ግቢዬ በሙሉ ሁለት ነጥብ ነው ማለት ነው። (መረጃው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ነው የሚገኘው። ያንገበገበችኝ ይቺ ነች።)

የእኛ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከላይ የሚያይ ሳተላይት ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር እንደሚወርድ አይነግራችሁም። በኋላ ጠባሴ ሰፈር ያለ ግንበኛ ጉድጓድ አስቆፈረኝ። በሁለት ቀን ጭቃውም ድንጋዩም ታየ፤ ከወረቀቱ ዋጋ ሩቡን እንኳ አልፈጀም።

አሁንም የሚሸጥላችሁ ከመጣ፣ ስንት ምስል እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተነሳና ከየትኛው ቋሚ ነጥብ አንጻር እንደተለካ ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ መልሱ «ሲስተሙ ነው» ሆነ። ብሩን ግን አልመለሱም።

ደላላው አሁን ደብረ ሲና እየዞረ ነው አሉ። እዚያ ደግሞ ተራራው የእውነት ነው የሚንሸራተተው። ዘመድ ያላችሁ ደውሉላቸው።