ያማሃ ኤምቲ-07 ኤልኤ፦ የኃይል ገደቡ ከተነሳ ከሰባት ወር በኋላ

ይህ ግምገማ አውስትራሊያ ውስጥ ለጀማሪ ነጂዎች የተፈቀደውን ኤምቲ-07 ኤልኤ ይመለከታል። ሞተር ሳይክሉ እስካሁን 16,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የመጀመሪያው 9,000 በፋብሪካ ገደቡ የተነዳ ሲሆን ቀሪው 7,000 ሙሉ መንጃ ፈቃድ ከተያዘ በኋላ ገደቡ ተነስቶ የተነዳ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ገደቡን ማስፈታቱ ያዋጣል ወይ?» ነው። ያዋጣል፤ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት የፊት አሞርዛተሩ ላይ ነው። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በመጀመሪያ ሕጉ። ላምስ የሚባለው የጀማሪዎች ሥርዓት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሞተሩ ከ660 ሲሲ እንዳይበልጥ፣ ኃይሉም በአንድ ቶን ከ150 ኪሎዋት እንዳያልፍ። ክብደቱ ሲሰላ ለነጂው 90 ኪሎ ይደመራል። 170 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል ከነጂው ጋር 260 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ በ150 ሲሰላ 39 ኪሎዋት ይወጣዋል። የኤልኤ 38.3 ኪሎዋት ከየት እንደመጣ ከዚህ ይገባል። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ፒ1 እና ፒ2 በሚባሉት ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ደረጃዎች፣ በፒ1 ለ12 ወር፣ በፒ2 ደግሞ ለ24 ወር የሚነዳው የላምስ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ገደቡ የተነሳለት ኤልኤ ስሙ ባይቀየርም ላምስ አይደለም። በጀማሪ ፈቃድ የሚነዳው ሰው የፈቃዱን ገደብ ይጥሳል፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ላይከፍለው ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ፈቃድ ሳይያዝ መፍቻ አይነሳም፤ ከሥራው በኋላም ለኢንሹራንሱ ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ሞተሩን መረዳት ያስፈልጋል። ሙሉ ኃይል ያለው ኤምቲ-07 689 ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 68.6 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው። ኤልኤ ላይ ጉዞው ያው ሆኖ ስፋቱ 78 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 655 ሲሲ ይሆናል። ይህን ማንም ኮምፒውተር አይቀይረውም። ሙሉው 55 ኪሎዋት ስለሚያወጣ፣ በሲሲው ልክ ሲሰላ ከተፈታ ኤልኤ የሚጠበቀው 52 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ጋራዥ ካለ ወረቀቱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነው።

ገደቡ ራሱ በሁለት ቦታ ነው ያለው፦ ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) እስከ ጫፍ እንዳይከፈት በሚይዘው መገደቢያና በኮምፒውተሩ ካርታ፣ ማለትም ቤንዚኑንና ማቀጣጠያውን በሚወስነው ሠንጠረዥ። ውጤቱ ከፋብሪካው ቁጥር ላይ ይነበባል። ኤልኤ ትልቁን ጉልበቱን፣ 57.5 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው፤ ሙሉው ግን 68 ኒውተን ሜትሩን በ6,500 ዙር ነው የሚያወጣው። ኤልኤ 38.3 ኪሎዋቱን የሚደርስበት 8,000 ዙር ላይ ጉልበቱ ተሰልቶ ሲታይ ወደ 46 ኒውተን ሜትር ወርዷል። ማለትም ሞተሩ ገና መሮጥ ሲጀምር ትንፋሹ ይያዛል። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም፤ ለዚህም ነው ኤልኤ በዝቅተኛ ዙር ያን ያህል ደስ የሚለው።

ሥራው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ መቀመጫውና የጎን ሽፋኖቹ ይውረዱ። ታንከሩ 14 ሊትር ስለሚይዝ ከሩብ በታች ሲሆን ማንሳቱ ይቀላል። የነዳጁ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሚቀር ጨርቅ ጠምጥሞ መንቀል ነው። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ይወጣል። የስሮትሉ ሁለት ጉሮሮዎች እንደተከፈቱ ንጹህ ጨርቅ ይወተፍባቸው፣ ስንት ጨርቅ እንደገባም ይቆጠር፤ አንዲት ቪቴ ወደ ውስጥ ከወደቀች ሞተር ማስከፈት ታመጣለች። መገደቢያውን በሞረድ የሚፍቁ አሉ። አይመከርም፤ የብረቱ ብናኝ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ አንዴ የተፋቀም አይመለስም። የሙሉውን ሞዴል ክፍል ገዝቶ መቀየርና የወጣውን ማስቀመጥ ይሻላል።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ጋዙን እስከ ጫፍ አዙሮ ወደ ጉሮሮው ማየት ያስፈልጋል። ክቧ መዝጊያ ሳህን ከጉሮሮው ጋር ትክክል ቆማ ጠርዟ ብቻ መታየት አለበት። ጋደም ብላ ከቀረች ወይ ክፍሉ በደንብ አልገባም ወይ ገመዱ አጥሯል። የእጀታው ልቅነት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሞተሩ ተነስቶ በቀስታ እየዞረ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ማዞር አይረሳ፤ ዙሩ ከፍ ካለ ገመዱ ተስቧል፣ እንዲህ ሆኖ መንገድ ላይ መውጣት አደገኛ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለቱን መጫኛዎች ተጭኖ የማስነሻ ቁልፉን በመክፈት በሚገኘው የምርመራ ሁነታ፣ ቁጥር 01 የስሮትሉን አከፋፈት ያሳያል። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር መጻፍ ይጠቅማል።

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ መገደቢያውን አንስቶ ካርታውን መተው። ኮምፒውተሩ የተዘጋጀው ላልተከፈተ ስሮትል ስለሆነ፣ የሚገባው አየር ሲጨምር ቤንዚኑና የማቀጣጠያ ሰዓቱ ልክ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የለም። ድብልቁ ከሳሳ (ቤንዚኑ ለአየሩ ካነሰ) ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። በሙሉ ጋዝ ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ 13 እጅ አየር ነው የሚፈለገው። ፊልትሮውና ማርሚታው የፋብሪካው ከሆኑ ኮምፒውተሩን ልኮ የተዘጋጀ ካርታ ማስጫን ይበቃል። ማርሚታ ከተቀየረ ግን ዳይኖ በሚባለው የኃይል መለኪያ መሣሪያ ላይ፣ ጭሱ ውስጥ ሴንሰር ገብቶ መስተካከል አለበት። ካርታውን የሚሠራው ባለሙያ የማቀጣጠያ ሰዓቱን ካስቀደመ 95 ኦክቴን መቅዳት ግድ ይሆናል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማርሚታን በተመለከተ፣ የኤምቲ-07 ጭስ ማውጫ ከሞተሩ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ ነው፤ የጭስ ማጣሪያውም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ መቀየር ማለት ሙሉውን መቀየር ነው። ለዚህ ኃይል ሲባል ወጪው አያስፈልግም።

ከተፈታ በኋላ ምን ተለወጠ? እስከ 4,000 ዙር ድረስ ምንም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚገለጠው ከ5,000 በላይ ነው፤ በስድስተኛ ማርሽ 110 ሲነዳ ሞተሩ የሚያርፈውም እዚያው አካባቢ ነው። ባለ ሁለት አቅጣጫ የገጠር መንገድ ላይ፣ ከኋላ ሰው ተጭኖ፣ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም በገደቡ ጊዜ ወደ አምስተኛ ወይም አራተኛ መውረድ ያስፈልግ ነበር። አሁን በስድስተኛው ጋዝ መጨመር ይበቃል። ቅድሚያው ስለሚያጥር በተቃራኒው መስመር ላይ የሚቆየው ጊዜም ያጥራል፤ ይህ ለደኅንነት የሚቆጠር ጥቅም ነው። የቤንዚን ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ከ4.1 ወደ 4.5 ሊትር ወጥቷል።

ያስቸገረው በዝግታ ሲነዳ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ነው። ጋዙ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ሞተር ሳይክሉ ይነጥር ነበር። ሦስት ነገር ነው ያስታገሰው፦ ሁለቱን ስሮትሎች በቫክዩም ጌጅ ማመጣጠን፣ በምርመራው ሁነታ የሲኦ ቁጥሩን (በዝግታ ሲዞር የሚገባውን ቤንዚን የሚያስተካክለውን) ለሁለቱም ሲሊንደር በጥቂቱ ከፍ ማድረግና ካቴናውን በልኩ መወጠር። የዚህ ሞዴል የካቴና ልቅነት ከ51 እስከ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ላላ ያለ መስሏቸው የሚያከርሩት ብዙ ናቸው፤ ከከረረ የኋላው ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ተሸካሚውን ኩሺኔታ ይጎዳል።

አሁን ወደ አሞርዛተሩ። የፊቱ 130 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው፣ ግን ሞላው ለስላሳ ነው፤ በተለይ እስከ 2017 በወጡት ላይ። የፊቱ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ፍሬን መያዝ ብቻ ይበቃል። በፋብሪካው ሞላ ማሰሪያው ታች ድረስ ተገፍቶ ነው የተገኘው፤ ጉዞው አልቋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከሲሶ በላይ ኃይል መጨመር ትክክል አይደለም። ለነጂው ክብደት የተመረጠ ሞላና አዲስ ዘይት ሲገባ፣ ነጂው ተቀምጦበት ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደ፤ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫውን አልደፋም። ከወጣው ገንዘብ ሁሉ በየቀኑ የሚታወቀው ይኸኛው ነው።

ጥገናው ቀላል ሆኖ ቀጥሏል። ዘይት ከነፊልትሮው 2.6 ሊትር ይወስዳል፣ የማፍሰሻው ቡሎን በ43 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ቫልቭ የሚለካው በ40,000 ኪሎ ሜትር ነው። ካንዴላዎቹ በ14,000 ላይ ወጥተው ሲታዩ ጫፋቸው ቀላ ያለ ቡናማ ነበር፤ ካርታው ልክ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። የኋላ ጎማው ግን ከበፊቱ ፈጥኖ እያለቀ ነው።

የወጣው መገደቢያና የፋብሪካው ካርታ ቅጂ በአንድ ከረጢት፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። ሞተር ሳይክሉ ለጀማሪ የሚሸጥ ከሆነ ሁለቱም ተመልሰው ገብተው፣ ጋራዡ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ስሙ ላይ «ኤልኤ» የሚለውን አይቶ የሚገዛ ልጅ ሌላውን ማወቂያ መንገድ የለውም።